ስለ ድራመሩ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር

እጄ ያን ዕለት ለምን አልተንቀጠቀጠም? ሁለት ዓመት ራሴን ጠይቄ መልስ አጣሁለት። የቃለ ጉባኤው ቅጂ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ አውጥቼ አየዋለሁ። ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ ስርዝ የለበት፣ አንድ ድልዝ የለበት። ውሸት ሲጻፍ ቢያንስ ቀለሙ ጠብ ማለት ነበረበት። አላለም።

ትምህርት የጀመርኩት ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው፤ እዚሁ ሶዶ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቤ። አስተማሪያችን በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብሎ ጻፈና ሃያ ጊዜ ገልብጡ አለን። ሌሎቹ አሥር ላይ ሰለቻቸው። እኔ ሃያ አምስት ጊዜ ገለበጥኩ። ከዚያ ወዲህ ፊደል አበላሽቼ አላውቅም። አሁን የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ጀርባው የዞረ መጽሐፍ ካየሁ ሳላስተካክል አላልፍም። ብዙ አልናገርም። ጽሕፈቴን ግን ሰው ያውቀዋል፤ የእድሩም የማኅበሩም ደብዳቤ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

የሙዚቃ ክበቡም የፈለገኝ ለዚሁ ነበር። ክበብ ማለት ሮክ እንጫወታለን የሚሉ ጥቂት ወንዶች ናቸው። ሊቀ መንበሩ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ድራሙን በራሱ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ያስመጣው እሱ ስለሆነ ነው ሊቀ መንበር የሆነው። ጊታሪስቱ ባንክ ይሠራል። ቤዝ የሚጫወተው ውኃ ቢሮ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ይሰበሰባሉ፤ ከሚጫወቱት ይልቅ የሚከራከሩት ይበልጣል። ስልክ ዘይት ቆርቆሮ ላይ ያስደግፉና የፈረንጅ ድራመር እያዩ፣ ትልቅ ድራመር ማን ነው እየተባባሉ ይመሻል።

«ፍጥነት ነው» ይላል ጊታሪስቱ። «እጁ ካልታየህ፣ ያ ነው ድራመር።»

«እጅ ማንም አለው። እግሩን እይ እንጂ። ሁለት እግር ለየብቻ ማሠራት ቀላል መሰለህ?»

«አንተ አንዱንም አላሠራኸው፣ ዝም በል።»

ሊቀ መንበሩ መጨረሻ ላይ ይናገራል፤ መጨረሻ መናገር ይወዳል። «ትልቅ ድራመር ማለት ሲጨርስ ሸሚዙ የሚጨመቅ ነው። ላብ ያልወጣው ሰው አልሠራም።»

አንድ ቀን ለቀልድ ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊያችንስ ምን ትላለች?»

«ሲያቆም የሚታወቅ ነው» አልኩ። «እየመታ ሳለ ዘፈኑን ነው የምትሰማው። ሲያቆም ወለሉ ከእግርህ ሥር እንደወጣ ይሰማሃል።»

ሳቁ። ጊታሪስቱ «መጽሐፍ ማንበብ እንዲህ ያደርጋል» አለ። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ቃል ለእንግዳ ሰው የራሱ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት፤ ወለሉንም ሳይቀር። ያኔ ነው መጀመሪያ ምራቄ የመረረኝ።

ያንን ቃል ያልኩት ደግሞ እንዲያው ከመሬት ተነሥቼ አልነበረም። አይቼው ነው። ከሻንቶ ከተማ የሚመላለስ፣ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ልጅ እግር ድራመር ነበራቸው፤ ሃያ አራት ወይ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። የተማረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከመዘምራን ጋር ነው። የድራሙን ዱላ አይወረውርም፣ ጸጉሩን አያራግብም። ዘፋኙ ትንፋሽ ሊወስድ ሲል ያውቅበታል፤ የድራሙን ናስ፣ ሲምባሉን፣ በመዳፉ ያዝ ያደርግና ቦታ ይለቅለታል። የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ሲያነብልን እንዲያ ነበር፤ አራት ነጥቡ ጋ ሲደርስ ሳናየው እንሰማው ነበር።

የድራመሩ እናት ሸክላ ሠሪ ናት። በእኛ አገር የበሰለውን ወጥ ሁሉ ሰው ይበላል፣ ማሰሮውንም ሁሉ ሰው ይገዛል፤ ማሰሮውን የሠራችው ሴት ግን ከደጅ አታልፍም። ይህ ድሮ ቀረ ይባላል። ስብሰባ ላይ ድሮ ቀረ ይባላል። መጋዘኑ ውስጥ ስድስት የሻይ ብርጭቆ ነበር፤ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ደግሞ ለብቻው መስኮቱ ላይ፣ ከአሮጌ ካርቡሬተር አጠገብ ተቀምጧል። ስለ ኩባያው ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። ሻይ ሲቀዳ ድራመሩ ራሱ ተነሥቶ ያነሣዋል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ራሱ ይመልሰዋል።

ሌሎቹን ብቻ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ብርጭቆዎቹን እኔ አጠብኩ። ስድስቱን አጠብኩ፣ ውኃውን ደፋሁ፣ ሌላ ውኃ ቀዳሁ፣ ከዚያ ሰማያዊውን አጠብኩ። ማንም አላዘዘኝም። እናቴ እንዲያ ስታደርግ አይቼ ነው ያደግኩት፤ እጄ ያውቀዋል። ሳሙናው ገና እጄ ላይ እንዳለ ያደረግኩት ገባኝ። ኩባያውን ግን የት እንዳስቀመጥኩት ታውቃላችሁ? መስኮቱ ላይ።

አንድ ሌላ ቅዳሜ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ጊታሩም ቤዙም ድምፃቸው ሞተ። ድራመሩ አላቆመም፤ በጣም ቀስ አድርጎ፣ ዱላውን ጠርዝ ላይ ብቻ እያስነካ ቀጠለ። ወንዶቹ መብራት ኃይልን እየረገሙ ወጡ። እኔ ቁጭ አልኩ። የእጅ ሰዓቴን አየሁና ምቱን መቁጠር ጀመርኩ፤ የመቁጠር ልማድ አለብኝ። በደቂቃ ዘጠና ስድስት። ሌላ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ ዘጠና ስድስት። መብራቱ መጥቶ ሁሉም ሮጠው ገብተው ሲቀጥሉ እንደገና ቆጠርኩ። ዘጠና ስድስት። በማስታወሻዬ ዳር ላይ ጻፍኩት። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ጽፌው ነበር። ያ ማስታወሻም አለ፤ ከቃለ ጉባኤው ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ክበቡ ቢጠና እና ዲምቱ ከተሞች ሄዶ እንዲጫወት ተጠራ። ማረፊያው ሰው ቤት ነው፤ ምግቡም ከአንድ ትሪ። ቋሚ ድራመር ለመምረጥ ስብሰባ ተጠራ፤ ድራመሩ የለም፣ ሥራ ላይ ነው። ሌላ አንድ አመልካች መጥቶ ነበር፤ ዱላውን ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልባል፣ ሲሞቀው ግን ዘፈኑን እንደ ተፈታ በሬ ይዞት ይሄዳል። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ።

«እንግዲህ እኔ በግሌ ችግር የለብኝም። ሰው ሁሉ እኩል ነው። ግን ሰው ቤት ይዘነው ስንገባ ምን እንላለን? ሽማግሌ አለ። ባልቴት አለች። ትሪ ሲቀርብ ምን እናድርግ?»

«ኩባያውን ይዘንለት እንሄዳለን» አለ ቤዝ ተጫዋቹ። ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረበትም፤ እሱ ነው የሚያስጠላው። ስለ ዝናብ እንደሚሳቅ ነው የሳቁት።

«እናቱን ሻንቶ ገበያ የማያውቅ የለም» አለ ጊታሪስቱ። «ልጁ ጥሩ ነው። እኔ እወደዋለሁ። ግን...»

«ግን» አለ ሊቀ መንበሩ። በቃ ተወሰነ። አንድ ዓመት ሙሉ ትልቅ ድራመር ማን ነው ሲሉ የኖሩ ሰዎች ያን ቀን ስለ እጅ አላነሡ፣ ስለ እግር አላነሡ። ወደ እኔ ዞረ። «ይኼ አይጻፍም ደግሞ።»

«ምን ልጻፍ ታዲያ?»

«የሙያ ምክንያት ነዋ።»

«የምን ሙያ?»

ቤዝ ተጫዋቹ ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ሳይል «ቴምፖ በያት» አለ።

እኔም ጻፍኩ። «አባሉ ምትን በወጥነት ጠብቆ የመጫወት ክፍተት በተደጋጋሚ ስለታየበት፣ በቋሚነት እንዳይቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ክፍተት፣ በወጥነት፣ በተደጋጋሚ፤ እነዚህን ማንም አላቀበለኝም። የእኔ ናቸው። ቋንቋ የማሳመር ነገር አለብኝ። ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ አየና «እንዴት ያለ ጽሕፈት ነው፣ የታተመ ነው የሚመስለው» አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ይህንንም ልጻፈው፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቅጂውን ለድራመሩ የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ የጸሐፊ ሥራ ነው። ቆሞ አነበበው። ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«አመሰግናለሁ፣ እትዬ» አለኝ። «አላወቅሁም ነበር።»

ዱላዎቹን ይዞ ወጣ። ኩባያው መስኮቱ ላይ ቀረ። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። እነሱ ዛሬም አሉ፤ ጭማቂ ቤት ደጅ ተቀምጠው «ፍጥነት ነው»፣ «እግር ነው» ሲባባሉ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እሰማለሁ። አንድ ጊዜ «ሲያቆም ወለሉ...» የሚል ሰማሁና መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ።

ባለፈው የገበያ ቀን ወደ ሻንቶ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አንድ ሰው ተቀመጠ። ፊቱን ሳላየው በጣቱ አወቅሁት፤ ድራመሩ ነው። ጉልበቱ ላይ ይመታል። ግን እንደ ዱሮው አይደለም፤ ጣቱ ደርቋል፣ እንደሚፈተን ተማሪ ይመታል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ።

«ምን እያዳመጥክ ነው?» አልኩት።

አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው አወጣ። በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገው፣ እንደገና ጠረገው፣ ከዚያ ዘረጋልኝና ፊቴን አየ። ሳልጠርግ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። ዘፈን የለም። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ፤ ሌላ ምንም የለም።

«ሜትሮኖም ነው» አለ። «ምት እንዳይሸሸኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ ላይም እከተዋለሁ። እስካሁን አልገባኝም የት ጋ እንደሚሸሸኝ። ቀረጽ አድርጌም ሰማሁት። አላገኘሁትም። የቤተ ክርስቲያኑንም ድራም ለሌላ ለቀቅሁ፤ የተበላሸ ምት ይዤ መዝሙር አላበላሽም ብዬ።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ከፊታችን አንዲት ሴት ዶሮ ይዛለች፤ ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይነገራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁልጊዜ የማስበው ደብዳቤ እንደምጽፍለት ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አሳምሬ ቀድጄዋለሁ።

«አልሸሸህም» አልኩት። «ቆጥሬዋለሁ። መብራት የጠፋ ቀን በሰዓት ቆጥሬዋለሁ፤ ዘጠና ስድስት ነበር፣ መጨረሻም ላይ ዘጠና ስድስት። ቃለ ጉባኤው ውሸት ነው። ስለ እናትህ ነበር የተባለው፣ ስለ ትሪው። ይህ አይጻፍ አሉኝ፣ ቴምፖ በይ አሉኝ፣ እኔ ጻፍኩት።»

ጣቱ ቆመ። ማን አለ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ስም አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አልጠየቀም። የመንገዱን ዳር ሲያይ ቆየ።

«ኩባያውን አውቅ ነበር፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ። «ኩባያ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እሱ ምንም አላደረገኝም። ይኼኛውን ግን አመንኩት። እርስዎ ስለጻፉት።»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውጥቼ መለስኩለት፤ ተቀበለኝና ስልኩን አጠፋው። ሻንቶ ደረስን። ወራጅ ሲባል ቀድሞኝ ወረደ፤ ሰላምታ አልሰጠኝም፣ ዞሮም አላየኝም። በሸክላ ተራው በኩል ሲሄድ አየሁት፤ እጁን ጭኑ ላይ ይመታ ነበር። ምቱን ልቆጥር እጄ ሰዓቴ ላይ ሄደ። ወዲያው እጅጌዬን ጎትቼ ሸፈንኩት።