አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ

የተበደልኩት በደል ይህ ነው፤ ያላጠፋሁትን አጥፍተሃል ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉብኝ፤ ፊደል እንዳልቆጠርኩ እያወቁም በአውራ ጣቴ አስፈረሙኝ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ስላገኘሁት ሌላ ነገር ሁሉ አመሰግናለሁ። ስለዚህ ግን አላመሰግንም።

አምቦ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ላብራቶሪ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። እዚያ ባክቴሪያ ሞላሰስ፣ የስኳር ፋብሪካ አተላ፣ እየበላ፣ የሰባ ሰንጋ ጮማ እንደሚያከማች፣ በሆዱ ፕላስቲክ ያከማቻል። ፕላስቲኩ ታዲያ ሲያጥፉት እንደ ደረቀ ቂጣ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ በኬሚካል ጠባዩን ይለውጡትና ይለሰልሳል። ከዚያ አፈር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ለማየት ጥሬውም የተለወጠውም ይቀበራል። ቀባሪው እኔ ነኝ።

የግቢው ዘበኛ አካፋ ይዤ ባየኝ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ? እድሩ ድንኳን አልተከለም?» ይላል።

«የአንተ ቀን ይተክላል» እለዋለሁ።

እያንዳንዱ ቁራጭ በስስ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ የትኛው እንደሆነ በጨርቁ ላይ በቀለም ይጽፋል። እኔ ጽሑፉን ስለማላውቀው በጣቴ ጫን እያልኩ ደረቁን ከለስላሳው እለያለሁ። ከዚያ ከማዳበሪያ ከረጢት በመዘዝኩት ክር አስራለሁ፤ ለጥሬው አንድ ቋጠሮ፣ ለተለወጠው ሁለት።

ክረምቱ አልፎ ዋልካው ሲቆፈር ቀለሙ ታጥቧል። ቋጠሮው አለ። አንድ ቋጠሮ ያለበት ፕላስቲኩን እንደያዘ ነው፤ ሁለት ቋጠሮ ያለበት ጨርቅ ሁሉ ግን ባዶ ነው። ዶክተሩ ግን የተለወጠው ይበረታል ብሎ ነበር የጠበቀው።

«አደባልቀኸዋል» አለኝ።

«ቋጠሮውን ይዩት እንጂ ዶክተር።»

«ሳይንስ በቋጠሮ ነው እንዴ የሚሠራው? ማይም!»

ስድቡን ቻልኩት። ደብዳቤው ግን ፋይሌ ውስጥ ገባ፤ ምን እንደሚል እንኳ አላውቅም። በአርባ ስድስት ዓመቴ የማታ ትምህርት ጀመርኩ። ዓመት ቆይቼ መዝገብ ቤት ሄድኩና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ «ማንበብ ባለመቻሉ ናሙና አደባልቋል» ይላል። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ደብዳቤ ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት ከጊንጪ አንዲት ወጣት መምህርት ተዛውራ መጣች። ያስቀመጥኳቸውን ጨርቆች መደርደሪያ ላይ አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ቋጠሮ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። አልሳቀችም።

«እንግዲያው እንደገና እንቅበር። እኔ እጽፋለሁ፣ እርስዎ ይቋጥሩ።»

«አሁን እኔም እጽፋለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ይጻፉም፣ ይቋጥሩም!»

ክረምቱ ሲያልፍ አብረን ቆፈርን። አሁንም ሁለት ቋጠሮ ያለበት ባዶ ነው። «ኬሚካሉ ሲያለሰልሰው ውሃ ወዳድ አድርጎታል» አለችኝ። «የራሰውን ደግሞ የአፈር ባክቴሪያ አስቀድሞ ይበላዋል።» ዳቦም እንደዚያው ነው፤ የደረቀው ይቆያል፣ የራሰው ይሻግታል። ይህን ለማወቅ እኔን መክሰስ አያስፈልግም ነበር።

የሁለቱንም ክረምት ጨርቆች ተሸክማ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችለት። እሱም ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ።

«ተሳስቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። «አንተ» ማለቱ ቀርቶ።

«ደብዳቤው ይነሣ፤ ይቅርታው ከዚያ በኋላ ነው» አልኩ።

ደብዳቤውን የሚሽረው ወረቀት ሲመጣ፣ ሳላነብ አልፈርምም አልኩ። ንባቤ ቀርፋፋ ነው። ጸሐፊዋ ስታጉረመርም መምህርቷ «ቆዪ፣ ያንብቡ» አለቻት፤ ራሷም ክፍል እየጠበቃት እስክጨርስ አጠገቤ ቆመች። ላደረገችልኝ ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ለዚያ መቆሟ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማታ አስተማሪዬንም እንዲሁ።

ስሜን በእጄ ጽፌ ፈረምኩ፤ ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም.።