ሱንድቢበሪ ለቅሶ የደረስኩ ዕለት

ከአገሬ የተነሳሁ ሌሊት ሻንጣዬን ይዤ ግቢው ውስጥ ብዙ ቆምኩ። አማቼ እማማ ዘውዴ በራቸውን ከውስጥ ቆልፈው አልከፍትም አሉ።

"እማማ፣ ልሰናበትዎት ነው።"

"የልጄ ሙት ዓመት ሳይወጣ፣ ጥቁርሽን ሳታወልቂ የሚያስኬድሽ ምን ዓይነት አገር ነው?"

ስቶክሆልም ብል ምን ይጠቅማል? የባሌ እህት አልማዝ ሻንጣዬን ተቀብላ ታክሲው ላይ ጫነችና "ይበርድላቸዋል" አለችኝ። አልበረደላቸውም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የምታነሳው አልማዝ ናት፤ እማማ ሁልጊዜ ጸሎት ላይ ናቸው።

ባሌ ታደሰና እኔ አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እናስተምር ነበር። ስቶክሆልም ውስጥ አንድ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከውጭ መምህር ይፈልጋል ሲባል "አንቺ ቅደሚ፣ እኔ እከተልሻለሁ" ያለኝ እሱ ነው። ቀድሞኝ የሄደው ግን እሱ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሐዘኔ እስኪወጣ አይጠብቀኝም።

ስቶክሆልም ዳር፣ ሱንድቢበሪ በሚባል ሰፈር ክፍል ያከራዩኝ ሴት ቢርጊታ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የሰሜን ስዊድን ሰው ናቸው። በእንግሊዝኛ ነው የምንግባባው። በስሜ ብቻ ጥሪኝ ብለውኛል፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን አንቱታውን ማን ይከለክለኛል? የመጀመሪያ ቀን ወጥ ቤት አስቀምጠው መረመሩኝ።

"እንግዳ ይበዛብሻል?"

"እዚህ የማውቀው ሰው የለም።"

"ጥሩ። ባልስ?"

"በቅርቡ ሞተብኝ።"

"አዝናለሁ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ልብስ የምታጥቢበትን ሰዓት ቀድመሽ ትይዣለሽ። የሕንጻው ሰው ሁሉ በተራ ነው የሚያጥበው።"

ትቬትስቱጋ ይሉታል፣ ምድር ቤት ያለውን የጋራ ማጠቢያ። ተራውን ያላከበረ ሰው እዚህ ትልቅ ነውረኛ ነው። ከዚያ ቤቱ ታፍኖ ነበርና "መስኮቱን ልክፈተው?" አልኳቸው። ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፣ "ህ!" ብለው።

ደነገጥኩ። እማማ ዘውዴ አዎ የሚሉት ልክ እንደዚህ ነው፤ ግማሹ አገሬ አዎ የሚለው እንዲህ ትንፋሹን ስቦ ነው።

"እኛ ሰሜኖች አዎ ስንል ነው" አሉኝ፣ መደንገጤን አይተው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳያስፈልገኝ አዎ የሚያሰኝ ጥያቄ እየፈለግኩ እጠይቃቸዋለሁ። ይህ ድርቆሽ የመሰለው ዳቦ ከአጃ ነው? ዛሬም በረዶ ይጥላል? "ህ!"

ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን ደግሞ ተማሪዎቼ እስኪነሱልኝ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። ኮሪያ ሄዳ እንግሊዝኛ የምታስተምር የድሮ ባልደረባዬ ልጆቹ ጎንበስ ብለው እጅ እንደሚነሷት ነግራኛለች፤ እዚህ ቢያንስ ይቆማሉ ብዬ ነበር። እነሱም እኔ እስክጀምር ተቀምጠው ጠበቁኝ። በመጨረሻ አንዷ በስሜ ጠርታ "ሰብለ፣ የምንጠብቀው ሰው አለ?" አለችኝ። ይቺው ልጅ በሌላ ቀን ለምን ሁልጊዜ ጥቁር እንደምለብስ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አሰበችና "የሞተበት ሰው ሁሉ እንዲህ ቢለብስ ጥሩ ነበር። እናውቅ ነበር" አለች። ቲቸር ባትለኝም ወደድኳት።

ጨለማው ከምሳ ጋር በሚመጣበት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢርጊታ አይብ እየቆረጡ "ወንድሜ ትናንት ሞተ" አሉኝ።

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"ከሦስት ሳምንት በኋላ። ምናልባት አራት።"

"እስከዚያ ማን ይመጣል?"

"የት?"

"እዚህ። ሊያለቅስ።"

"ማንም። ለምን ይመጣል?"

የሐበሻ ሱቅ ወዳለበት ሃሉንዳ ወርጄ ሽምብራና ስንዴ ገዛሁ፤ ንፍሮ ቀቀልኩ። ነጠላዬን፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አዙሬ ለበስኩና ሳሎን ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑን ቀነስ አደረጉ።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምንም። ልቀመጥ ነው።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"አገሬ ቢሆን ሦስት ቀን።"

ከልባቸው ደነገጡ። "ነገ የማጠቢያ ተራዬ ነው!"

"እኔ አጥብልዎታለሁ።"

ሪሞቱን አነሱ። ከዚያ "ህ" አሉ፣ ቀስ ብለው፤ ቴሌቪዥኑንም አጠፉት። ንፍሮውን በሹካ አንድ በአንድ እየወጉ ስለ ወንድማቸው ነገሩኝ፦ የሐይቁን በረዶ ሰርስሮ ዓሣ ሲያጠምድ አጠገቡ ቆመው እግራቸው እስኪደነዝዝ እንደሚጠብቁት። ስለ እኔ ባል ግን እንዳወራ አፌ እምቢ አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ስሙን ጮክ ብዬ አልጠራሁም።

ሲመሽ ስልኬ ጠራ። አልማዝ ናት። የአከራዬ ወንድም ሞቶ ለቅሶ ቤት ነኝ ስላት ከኋላዋ የእማማ ድምፅ ተሰማ።

"የማን ለቅሶ?"

"የአከራይዋ ወንድም ነው አሉ" አለች አልማዝ።

"ማን አለ አብሯት?"

"ሰብለ ብቻ።"

"አምጪው።" ስልኩን ተቀበሉ። "ሴትዮዋን አቅርቢልኝ" አሉኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ያናገሩኝ ይህንኑ ብቻ ነው።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ለቢርጊታ ሰጠሁ። "የባሌ እናት ናቸው" አልኳቸው።

"እግዜር ያጽናዎት" አሉ እማማ በአማርኛ። "ወንድም መቼም ክንፍ ነው።"

"ህ" አሉ ቢርጊታ።

እማማ ገረማቸው። "አማርኛ ይሰማሉ እንዴ?"

"ህ።"

"እኔም ልጄን ቀብሬያለሁ፣ እህቴ። ሕፃን ሳለ ጆሮዬን በጣቶቹ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ፣ ሲታመም መጥቶ አጠገቤ ጋደም ይልና..."

ታደሰ ተኝቶ ጆሮዬን ይይዝ ነበር። ከተጋባንበት ሌሊት ጀምሮ፣ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሳይቀር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ይስቃል እንጂ አይነግረኝም ነበር።

ስልኩን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። እማማ እያወሩ ነው፤ ቢርጊታ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሻቸውን ሳብ እያደረጉ ይሰማሉ። እኔ ከተቀበልኩ እማማ ተመልሰው ጸሎት ላይ ይሆናሉ።

እጄን መለስኩና ነጠላዬን እስከ ጆሮዬ ሳብኩ። እማማ ልጃቸውን እያወሩ ነው።