ከሣር የሚወጣው ጨው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጋምቤላ ክልል ተብላ ራሷን ማስተዳደር በጀመረችበት ሰሞን ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ግን ወጥ ላይ ልጨምር ጨው ቆንጠር ባደረግኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ልጆቼ «እማ፣ ደግሞ ቆመሽ ቀረሽ!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ ያን ቀን አላዩት።

እኛ የወሎ ሰዎች ነን። በድርቁ ጊዜ በሠፈራ መጥተን አቦቦ አካባቢ ሰፈርን። መንደራችን ስም እንኳ አልነበረውም፣ በቁጥር ነበር የሚጠራው። እኔ ሽንኩርትና በርበሬ ገበያ አወጣለሁ። አሪየት የምትባል የአገሬው የአኙዋ ሴት ደግሞ ደረቅ ዓሣ ታመጣለች። ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ከእሷ ቋንቋቸውን ትንሽ ትንሽ ለቀምኩ፣ እሷም አማርኛ ለመደች። ወንድና ሴት ግን አትለይም፤ እኔን «አንተ» ትለኛለች፣ ባሌን ሰይድን «አንቺ»። ሰይድ ይናደዳል፣ እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

መንግሥት ሲለወጥ ሳቁ ቀረ። ወሬው በዛ። «ማዶ ያለው መንደር ተቃጠለ»፣ «ሠፋሪ ይውጣ ተብሏል» ይባላል። ማን እንዳለው ብትጠይቁ የሚያውቅ የለም። እኛ ገበያ መውጣት ፈራን፣ እነ አሪየትም መምጣት ተዉ። ከመቱ ከተማ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪናም ቀረ። እሱ ሲቀር ጨው ከአገር ጠፋ። ያለ ጨው ሽሮ በልታችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። ትንሿ ልጄ ጉርሻውን መልሳ እጄ ላይ ትተፋዋለች።

ከመንደራችን ቁልቁል፣ ረግረጉ ዳር አንድ ሜዳ አለ። መሬቱ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጣ ያለ ነው። እንደመጣን በቆሎ ዘርተንበት ነበር። ቢጫ ሆኖ ከረመና ደረቀ። ከዚያ ወዲህ «እርጉሙ መሬት» ብለን ተውነው። የሚበቅልበት አንድ ዓይነት ሣር ብቻ ነው፤ አገዳው ወፍራም፣ ሲሰብሩት ውሃ የቋጠረ። ከብት ደግሞ ሲወደው! ዱላ አንስተን ካላባረርነው ከዚያ አይነቃነቅም። ለምን እንደሚወደው አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።

አንድ ቀን ከዚያ ሜዳ ወዲያኛው ጫፍ ጭስ ተነሣ። እርጥብ ሣር ሲቃጠል የሚወጣው ዓይነት፣ ወፍራም። በማግስቱ ወደ እኛ ጠጋ ብሎ ተነሣ። ከዚያም በኋላ ሌላ ቦታ፣ አሁንም ወዲህ ቀረብ ብሎ። ማሳ የሚቃጠልበት ወቅት አልፏል። እርጥብ ሣር እያቃጠለ ወደ መንደር የሚመጣ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ለእኛ የመጣልን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንደራችንን ሊያቃጥሉ ነው።

ወንዶቹ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ገሚሱ «ሌሊቱን ልጆቻችንን ይዘን እንውጣ» ይላል፣ ገሚሱ «ቀድመናቸው እንሂድ» ይላል። ጠመንጃ ያለው ሰይድ ብቻ ነው፣ ለመንደር ጥበቃ የተሰጠው አሮጌ መሣሪያ። ሰይድ ደግሞ እሳት ነው። ባሌ ስለሆነ አልደብቅለትም፣ እሳት ነው። የመንደሩ ትልቅ ሰው አያ ይመር ሁሉንም ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘሀራ፣ ቋንቋቸውን የምታውቂ አንቺ ነሽ። አብረሽን ትሄጃለሽ። መጀመሪያ እንጠይቅ።»

«ሴት ይዘን?» አለ ሰይድ።

«አዎ፣ ሴት ይዘን። አንድ ጥይት ከተተኮሰ ነገ ይህ መንደር የለም፣ የእነሱም መንደር የለም። ገባህ?» አሉት።

ልጄን ለጎረቤት ሰጠሁ። ስሰጣት ደህና ሁኚ ማለት አቃተኝ። እንደዚያ ካልኳት የማልመለስ መሰለኝ። ሻሼን አጠበቅኩና ተከተልኳቸው።

አያ ይመር፣ ሰይድ፣ ማጭድ የያዙ ሁለት ጎረቤቶቻችንና እኔ ነን። ነጩ መሬት እግራችን ሥር ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ሣሩ ከአንገታችን በላይ ነው። ጭሱ ወደ እኛ ሲዞር ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ ሳል መጣብኝ። በሻሼ ጫፍ አፌን አፍኜ ያዝኩት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከኋላችን ሣሩ ኮሽ ያለ መሰለኝና ዞርኩ። ምንም አይታይም። ፍርሃቴ ነው ብዬ ተውኩት።

ሣሩ ሲያልቅ ሰዎች ታዩ። ጎንበስ ቀና ይላሉ። እሳት አለ፣ ማሰሮ ተጥዷል። አንዷ እጇ ላይ ረጅም ስለት ይዛ ብድግ አለች። እኛን ስታይ ደርቃ ቀረች። ሰይድ ጠመንጃውን አነጣጠረ። ሲያቀባብለው የሰማሁት ድምፅ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጭሱ ፊቷን ገለጥ ሲያደርገው፣ ያ አላህ! አሪየት ናት።

«አሪየት!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ!» አለኝ ሰይድ።

ምን እግሬን እንዳንቀሳቀሰው አላውቅም፣ ራሴን አፈሙዙ ፊት አገኘሁት። አሪየት ስለቱን ጣለችና አንድ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። መዳፏ ወደ እኛ ነው። ሰላምታ መሰለኝ። እኔ ሞኟም እጄን አነሣሁላት። አስቡት እንግዲህ፣ በመካከላችን ሞት ቆሟል፣ እኛ እጅ እንነሣሣለን።

«ዛራ፣» አለች፣ ስሜን እንደዚያ ነው የምትጠራው። «ለባልህ ንገር። ጠመንጃ ያውርድ። ቶሎ!»

እጇ ግን አልወረደም። እኔም የእሷን እያየሁ የእኔን አላወረድኩም። አያ ይመር ቀስ ብለው መዳፋቸውን አፈሙዙ ላይ አሳረፉ።

«ሰይድ፣ ሴቶች ናቸው። ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ልጄ።»

ሰይድ አወረደው። ግንባሩ በላብ ተጠምቆ ነበር። ያኔ አሪየት ወደ ሣሩ አየት አደረገችና እጇን አወረደች። እኔም ተከተልኩ። እዚያው ነጩ መሬት ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ምንድን ነው የምታቃጥሉት?» አልኳት እንባዬን እየጠረግኩ።

ጎትታ አስነሣችኝና አሳየችኝ። ያንን የኛን እርጉም ሣር አጭደው ያቃጥሉታል። አመዱን ሥሩ የተበሳ ማሰሮ ውስጥ ይጨምሩና ውሃ ያፈሱበታል። ከታች ቡኒ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እሱ በሌላ ማሰሮ ተጥዶ ሲደርቅ ማሰሮው ግድግዳ ላይ ግራጫ ነገር ይቀራል። ሣሩን ከአንድ ቦታ ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ጭሱ ወደ እኛ የቀረበው ለዚህ ኖሯል።

አሪየት ግራጫውን በጣቷ ጫረችና ለአያ ይመር ዘረጋች። እሳቸው በወጣትነታቸው አፋር ድረስ ግመል ነድተው ጨው ያመጡ ሰው ናቸው። ምላሳቸውን ነካ አደረጉና ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ጨው ነው!» አሉ። «ጨው ከድንጋይ ነው የማውቀው። ከሣር ይወጣል?»

«ይሄ ሣር ከመሬት ጨው ይበላል፣» አለች አሪየት። «መኪና ቀረ። እኛም ጨው አጣን፣ ሣሩን አቃጠልን። እናንተስ ምን ትበላላችሁ?»

ከዚያ ጨው በሰፊ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ወደ ሰይድ ዞር ብላም «አንቺ ክፉ!» አለችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ሰይድ ራሱ ሳቀ። ማታ ሽሮው ላይ ነሰነስኩት። አመድ አመድ ይላል፣ መረር ይላል። ልጄ ግን ጣቷን ላሰች።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከከረመ በኋላ አገሩ ሰከን አለ፣ መኪናው መጣ፣ ገበያውም ቆመ። ከአሪየት ጋር እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ላበሽቃት ፈለግኩ።

«ያን ቀን እንዴት ያለ ረጅም ሰላምታ ነው የሰጠሽኝ? ክንዴ ሊገነጠል ነበር እኮ!»

አልሳቀችም። ዓሣዋን መደርደር ትታ አየችኝ።

«ሰላምታ አይደለም፣ ዛራ። ወንድሞቼ ከኋላህ ሣር ውስጥ ነበሩ። ሠፋሪ ሊያቃጥለን ይመጣል ስለተባለ እኛን ይጠብቁ ነበር። ከነጩ መሬት ጀምሮ ተከትለዋችኋል። ጠመንጃቸው ባልህ ጀርባ ላይ ነበር። እጄ ለእነሱ ነው፣ ቆዩ ማለቴ ነው።»

ያ ኮሽታ ትዝ አለኝ።

«ታላቁ ግን ሊተኩስ ነበር፣» አለች። «ከዚያ አንተ እጅህን አነሣህ። እሱም፣ ‹የእነሱም ሰዎች በማዶ ሣር ውስጥ አሉ፣ እሷም ቆዩ እያለቻቸው ነው› አለ። መተኮሱን ተወው።»

«ከእኛ ሌላ እኮ ማንም አልነበረም!» አልኳት።

«ማንም?»

«ማንም!»

አሪየት እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከሁለታችንም ወጣ፣ የገበያው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ። ለሰይድ ስነግረው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ጠመንጃውንም መልሶ አስረከበ።

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል። ያንን መሬት ግን ከዚያ ወዲህ እርጉም ብዬ አላውቅም፣ ልጆቼም ሲሉ እቆጣቸዋለሁ። ገበያ ውስጥ አሪየትን ከሩቅ ሳያት እጄን አነሣለሁ፣ እሷም ታነሣለች። መንገድ ተዘጋ ብሎ ሰው ያጉረመርማል። አጠገብ ላጠገብ ደርሰን እስክንተቃቀፍ ድረስ አንዳችንም አናወርደውም።