ያልተፋቀ ማኅተም

አባቴ ታህሲን በሐማ ገበያ ማኅተም ቀራጭ ነበር። መጻፍ የማይችል ሰው ሲሸጥም ሲዋዋልም ስሙን የሚያትመው አባቴ በቀረጸለት ናስ ነው። በአገራችን የሰው ማኅተም ባለቤቱ ሳይሞት አይፋቅም። ሲሞት ቤተሰቡ አምጥቶ ያስፍቀዋል፣ ሌላው እንዳይነግድበት።

ቱርኮች ከወጡ በሁለተኛው ዓመት የሰፈራችን ወንዶች ተሰልፈው፣ “እኛ ዓረቦች ነን፤ የፈረንሳይን ሞግዚትነት አንቀበልም” የሚል ወረቀት ላይ አተሙ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወንድሜ ናዚር ለዚያ ቀን ብሎ የመጀመሪያ ማኅተሙን አስቀረጸ። አባቴ ከስሙ ጥግ አበባ ጨመረለት። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እንግሊዝ ነፃነት ሊሰጠን ቃል ገብቷል እየተባለ ስንጨፍር፣ ለካ እሱና ፈረንሳይ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍለውናል።

በሐምሌ የፈረንሳይ ጦር ደማስቆ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ እኛ ዘንድ ደረሰ። ጎረቤታችን፣ “ቱርክን በበር ሸኝተን ፈረንሳይን በመስኮት አስገባን” ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀለትም። ያተሙበት ወረቀት ፈረንሳዮቹ እጅ ገብቶ ነበር። በሰፈራችን ናዚር የሚባል ስድስት አለ፤ የሚለያቸው ማኅተማቸው ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት እየፈተሹ ያመሳክሩ ጀመር። ከወሰዷቸው አንድም የተመለሰ የለም። እንዳንሸሽ መውጫው ሁሉ ተይዟል።

አባቴ በሩን ዘጋና እናቴን፣ “ኡሙ ናዚር፣ የልጁን ማኅተም አምጪው፣ ልፋቀው” አላት።

“በሕይወት ያለ ልጄን? አታሟርትብኝ!”

“ሞኝ አትሁኚ እንጂ! ሠላሳ ዓመት ስፍቅ ኖሬያለሁ። ናስ ሰው አይገድልም።”

“እስቲ ማኅተሙን ፍቀህለት በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው ጥራልኝ!”

ማኅተሙን አላመጣችለትም። በማግስቱ፣ “ወንዝ ጣልኩት፤ በቃ፣ አርፈህ ተቀመጥ” አለችው። አመናት። እኔም አመንኳት። እናቴን ይቅር ብያታለሁ ብል ውሸታም ነኝ።

የፈረንሳዩ መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። አስተርጓሚው የቤይሩት ሰው ነበር፣ የእኛው ወገን። ወታደሮቹ የተከካ ስንዴ ያለበትን ማሰሮ ወለሉ ላይ ገለበጡት፤ ናሱ እየተንከባለለ ወጣ። እናቴ ላዩ ላይ ተደፋችበት። በሰደፍ ገፍተው አስነሷት። መኮንኑ ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ከቀድሞው አጠገብ አተመው። አበባው ሳይቀር አንድ ነበር።

አባቴ እግሩ ላይ ወደቀ። “ጌታዬ፣ ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም። የቀረጽኩትም ያተምኩትም እኔ ነኝ። አፈር ስሆን፣ እኔን ውሰዱኝ!”

“አባባ ተነሥ!” አለ ናዚር። “እሱን አትስሙት። ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን አትማለሁ!”

አስተርጓሚው፣ “ምናለ ዝም ብትል፣ አንተ ልጅ” አለው በዓረብኛ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ግን የሁለቱንም ቃል ተረጎመ። ሥራው ነው። መኮንኑ አባቴን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ ሁለት ጣቱን አነሣ።

በአንድ ገመድ አሰሯቸው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኛ ግን ከፈራነውም በላይ ደረሰብን። እናቴ ሻሿ ወልቆ በባዶ እግሯ እስከ ድልድዩ ተከተለቻቸው። የአስተርጓሚውን እጅጌ ይዛ፣ “የደበቅኩት እኔ ነኝ! ንገረው እንጂ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ በለው!” እያለች ጮኸች።

መኮንኑ ዞር ብሎ ምን እንደምትል ጠየቀ። አስተርጓሚው እጅጌውን ከእጇ አላቀቀና፣ ምንም ሳይተረጉምላት መንገዱን ቀጠለ።