በርናዲን ሁዳክና የሳጅን ሬበር ድምፅ

በርናዲን ሁዳክ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደግ ናት ብሎ የመሰከረላትም ሰው የለም። የከሰል ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ወጣቱ ጥሎት በሄደው በሃርወድ ፎርጅ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በወንዝ ዳር በተደፋችው በዚያች ከተማ፣ ከማቀዝቀዣው አናት ላይ የፖሊሶችን ንግግር የሚያሰማ ሬዲዮ ያላስቀመጠ ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር። ሰው ድንች እየላጠ፣ ልብስ እየተኮሰ ያዳምጣል። የማን ምድር ቤት ውሃ እንደገባበት፣ የማን ልጅ ሰክሮ እንደተያዘ፣ አምቡላንሱ ወደየትኛው መንገድ እንደታጠፈ የሚታወቀው በዚያው ነው። ብዙዎቹ ሰምተው ይጸልያሉ፣ ወይም ሾርባ ሠርተው ይዘው ይሄዳሉ። በርናዲን ግን ሰምታ ስልክ ታነሳ ነበር። የሰው ገመና ከቤቱ ሳይወጣ እሷ ሦስት ሰፈር ታደርሰዋለች። ፖሊሶቹም «ወይዘሮ ጆሮ» ብለው ስም አወጡላት። ስሙ ይገባት ነበር።

ባሏ ሊዮ የወደቀው በቀትር ነው። ሳህን ሊያነሳ እጁን ዘርግቶ፣ ሳህኑን ሳይነካ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተዘረረ። በርናዲን ለአደጋ ጥሪ ማዕከሉ ደውላ፣ አጠገቡ ተንበርክካ ደረቱን መጫን ያዘች። በዚያች ከተማ ከአምቡላንስ በፊት የሚደርሰው ፖሊስ ነው፤ ልብ የሚቀሰቅሰው መሣሪያም ያለው በፖሊሱ መኪና ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ተረኛ የነበረው ሳጅን ዶይል ሬበር፣ መኪናውን ከሁለት መንገድ ማዶ፣ ከምግብ ቤቱ በር ላይ አቁሞ ነበር። ከማቀዝቀዣው አናት ላይ ያለው ሬዲዮ ጥሪዋን መልሶ አሰማት።

«ሳጅን፣ ሁዳክ ቤት ሰው ወድቋል። አይተነፍስም ይላሉ» አለች የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛ።

«ወይዘሮ ጆሮ ቤት?» የሬበር አፍ ምግብ ጎርሶ ነበር። «ዛሬ ወሬ ጠፍቶባት ይሆናላ። ሳንድዊቼን ልጨርስና ብቅ እላለሁ።»

«ሳጅን፣ አይተነፍስም ነው የሚሉት።»

«ሰማሁ እኮ። እሷም እየሰማችኝ ነው። አይደል እንዴ፣ ወይዘሮ ጆሮ?»

ሲደርስ ሊዮ በርዶ ነበር።

ከተማው በሙሉ ሬዲዮ የሚሰማ ከተማ ነው፤ እንግዲህ ያን ቃል ከተማው በሙሉ ሰምቶታል። በርናዲን የከተማው ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስትከስ ግን ጉባኤው አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ጀመር። አንዳንዱ ሬበርን ፈርቶ ነው። አብዛኛው ግን የበርናዲን ስልክ አንድ ቀን ያቃጠለው ሰው ነበርና፣ ዝምታውን እንደ ብድር መላሽ ቆጠረው። በዚህ ስሌት ውስጥ ሊዮ፣ ማንንም ያልበደለው ሊዮ፣ የትም አልገባም። ለምስክርነት የቆመችው ጎረቤቷ ቬርና ብቻ ናት። «እኔም ሰምቻለሁ። እንጀራዬን የሚያሳጣኝ ቢሆን እንኳ ሰምቻለሁ» አለች፤ ያኔ የምታጥበው የፖሊስ ጣቢያውን ወለል ነበርና እውነትም እንጀራዋን አሳጣት።

ሬበር ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሣ። «እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም። ሐዘን ነው። ሰው ሐዘን ሲበረታበት ያልተባለ ይሰማል፤ ጓደኛም አብራው ትሰማለች።» የጥሪ ማዕከሉ የቀዳው ድምፅ ሲጠየቅ፣ በላዩ ሌላ ተቀድቶበታል ተባለ። በርናዲን ወጥታ ቂሟን ቋጠረች። ስልኳንም ከዚያን ቀን ጀምሮ አላነሳችም። ሰው ታረመች አለ፤ አልታረመችም። የሚጠቅማትን ወሬ ስትጠብቅ የማይጠቅማትን ማባከን ትታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፖሊስ ሬዲዮውን ወደ ዲጂታል ለወጠ። የከተማው የማቀዝቀዣ አናት ሬዲዮዎች ከአንድ ጠዋት ጀምሮ እሽሽ ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ሐሙስ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ውስጥ ለገቢ ማሰባሰቢያ ፒሮጊ የሚጠቀልሉ ሴቶች፣ ሊጡን በድንች እየሞሉ፣ እንደ ሞት ተነጋገሩበት።

«እኔስ አውጥቼ ጣልኩት» አለች ቬርና። «አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ባሌ ሲያኮርፍ እንኳ እንደዚህ ዝም አይልም ነበር።»

«አንቺስ፣ በርናዲን? ወሬ ሳትሰሚ እንዴት ልታድሪ ነው?» አለቻት ሌላዋ።

«እንደናንተው ደንቁሬ» አለች በርናዲን፣ የሊጡን ጠርዝ በጣቷ እየቆነጠጠች።

ውሸቷን ነበር። ቀደም ባለው ሳምንት ወደ ትልቁ ከተማ በአውቶቡስ ወርዳ፣ ሬዲዮ ከሚሸጥ ሰው ጋር ተነጋግራለች። ሰውየው ሁሉም የሚሳሳተውን ነገር አስረዳት። ዲጂታል ማለት ሌላ ሰው እንዳይሰማው የተቆለፈ ማለት አይደለም፤ ቁልፉ ለብቻው የሚገዛ ነገር ነው፣ የሃርወድ ፎርጅ ፖሊሶች ደግሞ አልገዙትም፤ አዲሱን ድምፅ የሚያነብ ሬዲዮ ላለው ሰው ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሰማል፣ ቢፈልግም ይቀዳል። በርናዲን የሊዮን የአጋዘን ማደኛ ጠመንጃ ሸጣ ሬዲዮውን ገዛች። ከጆሮ ማዳመጫው ጋር የዱቄት ጆንያ ከሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ ደበቀችው። ለቬርና እንኳ አልነገረቻትም።

ማንም አይሰማንም ያሉ ሰዎች እንዴት እንደሚናገሩ የሰማ፣ በሰው ላይ ያለው እምነት እንደ ነበረ አይቆይም። በርናዲን የቀድሞው ዓይነት እምነት አልነበራትምና አልደነገጠችም። ስታዳምጥ ሰነበተች። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ የሬበር እህት ባል ጠጥቶ ሲነዳ በፒክአፑ የቬርናን በረንዳ ከነምሰሶው ጠረገው። በርናዲን ጓዳዋ ውስጥ ቆማ ፖሊሶቹ የተባባሉትን ከአፋቸው ቀዳች።

ፖሊስ ለቬርና «አጥፊው አልታወቀም» አላት። አጥፊው ካልታወቀ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ቬርና ክረምቱን በሙሉ በጓሮ በር፣ በረዶ በጋገረበት ደረጃ እየወጣች እየወረደች ከረመች፤ አንድ ቀን ተንሸራታ እጇ ተሰበረ። በርናዲን ሾርባ ሠርታ ወሰደችላት። በማንኪያ አጎረሰቻት። «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለቻት ቬርና። በርናዲን ከዚህ ችግር የሚያወጣትን ነገር ታውቃለች፤ ከቤቷ ጓዳ፣ ከዱቄቱ ጀርባ ነው ያለው። አፏን ጠረገችላትና ወጣች። የጠበቀችው ሌላ ቀን ነበር፤ የፖሊስ አዛዡ ጡረታ ሊወጣ ነውና ምክር ቤቱ ሬበርን በቦታው ሊሾም የተቆረጠበትን ቀን። ይህን መታገሥ ብርታት ነው የሚል ሰው አይጠፋ ይሆናል፤ ብርታት ግን ሁልጊዜ ምስጋና የሚገባው ነገር አይደለም። በቀሏን ለማሳመር የወዳጇን ክንድ ከፈለች።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። ሬበር አዲስ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሚስቱ አበባ ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ ነዋሪ አስተያየት ካለው ይናገር ሲል በርናዲን ተነሣች።

«ወይዘሮ ሁዳክ፣ ሦስት ደቂቃ አለዎት።»

«አንዱም ይተርፈኛል» አለችና ሬዲዮውን ከቦርሳዋ አወጣች። አዳራሹ የሬበርን ድምፅ ሰማ።

«የእህቴ ባል ነው፣ ጠጥቷል። ቤቱ አድርሼዋለሁ። አንተ አጥፊው አልታወቀም ብለህ ጻፍ።»

«ሳጅን፣ ይሄን በሬዲዮ ባናወራው አይሻልም?» ይላል ሌላው ፖሊስ።

«ማን ሊሰማን? አሮጊቶቹ ሬዲዮአቸውን ጥለዋል። ወይዘሮ ጆሮ እንኳ ደንቁራለች።» ሁለቱ ሲስቁ ይሰማል።

ሬበር ብድግ አለ። «ይህ በሕገወጥ መንገድ የተቀዳ ነው!»

«ሬዲዮ ነው እንጂ መኝታ ቤትህ አልገባሁም» አለች በርናዲን። «አየር ላይ ያወራኸው አንተ። በል እንግዲህ፣ ይሄንንም ሐዘን ነው ያሰማቸው በል። ሊዮ ወለል ላይ ተዘርሮ ሳለ ያልከውንም ድገምላቸው፤ ሁሉም ያውቁታል።»

ያን ዕለት ጫማውን ሲያይ የነበረ ሰው ሁሉ አሁን ቀና ብሎ ሬበርን ያየው ጀመር። ድፍረት አልነበረም፤ ነፋሱ መዞሩን አይቶ ነው። ሹመቱ በዚያው ምሽት ቀረ፤ ወሩ ሳያልቅ ዩኒፎርሙንም አስወለቁት። የእህቱ ባል ኢንሹራንስ የበረንዳውን ከፈለ።

ከአዳራሹ ሲወጡ ቬርና እጇ በጀሶ ታስሮ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«መቼ ነው ይሄን የቀዳሽው?»

«በረንዳሽ የፈረሰ ዕለት።»

«እጄ ሲሰበር ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሾርባ ስታጎርሺኝም?»

በርናዲን ሬዲዮው ያለበትን ቦርሳ ዘጋች። ከዚያ፦ «ያኔ ብናገር ገሥጸው ይተዉት ነበር። ዛሬ ግን አከርካሪውን ሰበርኩት።»

«ለሊዮ ስመሰክር» አለች ቬርና በዝግታ፣ «እኔ አንቺን ቀን አላስጠበቅኩሽም።» ጥላት ሄደች። ሐሙስ በርናዲን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ስትመጣ፣ ከቬርና አጠገብ ሌላ ሴት ቆማ ነበር፤ ማንም ቦታ አልለቀቀላትም።

ምክር ቤቱ ደግሞ አሳፋሪውን ከመቅጣት ጋር አሰሚውን መዝጋት አልረሳም። ቁልፉን ገዛ፤ ከዚያ በኋላ የሃርወድ ፎርጅ ፖሊስ ቃል ለማንም አልተሰማም። በዚያው ጸደይ ወንዙ ሲሞላ የታችኛው መንገድ ሰዎች ቶሎ አልሰሙምና መኪናቸው በውሃ ተወሰደ፤ በርናዲንን ረገሟት። እሷ ሒሳቡን አስቀድማ ሠርታው ነበር፤ ኪሳራውን ደግማ አልቆጠረችም።

ሬበርን የሚቀጥረው ጠፋ። በመጨረሻ የእንጨትና የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫው ባለቤት አዝኖለት ከባንኮኒ ኋላ አቆመው። በርናዲን ይህን በሰማች ቅዳሜ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። በቀጣዩም፣ በቀጣዩም።

«ምን ልስጥዎት?»

«ምስማር። ትንሿን።»

«ባለፈውም ወስደዋል። ምን እየሠሩበት ነው?»

«ምንም።»

ሬበር ምስማሩን ሚዛኑ ላይ አፈሰሰ። ጸጉሩ ሸብቷል። ቀና ሳይል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ወይዘሮ ሁዳክ፣ ያን ቀን ይሞታል ብዬ አልነበረም። ሥራዬ ሄደ፣ ስሜም ሄደ። ምን ቀረዎት ከኔ?»

«ከአፍህ አልወጣም ያልከውን በለው።»

«እዚህ?»

ከኋላዋ ሦስት ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ አንዱ ሥራ ፈትቶ ያዳምጣል።

«ጮክ በልና በለው» አለች በርናዲን። «ዱሮ አየር ላይ አታፍርም ነበር።»

ሬበር የሰዎቹን ፊት አየ፤ ቀላ። «ሳንድዊቼን ልጨርስ ብያለሁ» አለ። በርናዲን የምስማሩን ከረጢት ተቀብላ አፉን ጠቀለለች፤ ይቅርታም፣ ሰላምታም አልሰጠችውም።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችው።