ኩብራ ሁለቴ የሰጠችው ክኒን

ከአንኮበር ደብረ ብርሃን የሚሄደው ሚኒባስ አንድ ሰው ብቻ ጎድሎት ቆሟል። የቄስ ወልደአረጋይ ባለቤት እማማ አመተ ማርያም ዘምቢላቸውን አቅፈው ገቡ። ከጎናቸው ያለችው ሴት ሰላምታቸውን በቅጡ አልመለሰችም። ትከሻዋ ላይ የተደፋ ጎልማሳ አፍንጫ ሥር መዳፏን ደጋግማ ታስጠጋለች።

«ምን ሆኖብሽ ነው ልጄ?»

«ወንድሜ ሐቢብ ነው። ተኝቶ ነው… መተኛቱንም እንጃ።»

እማማ ወሬ ይወዳሉ፤ ማዳመጡ ግን ይበልጥ ይሆንላቸዋል። ዘምቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቋት። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ተናገረች።

ኩብራ ትባላለች፤ አሊዩ አምባ በርበሬ ትነግዳለች። ሐቢብን ስኪዞፍሬንያ የሚሉት የአእምሮ ሕመም ይዞታል፤ ሰው ሳይኖር ይሰማው የነበረውን ድምፅስ መድኃኒቱ አስታግሶለታል። ያልተመለሰለት ሐሳቡን መሰብሰብ ነው። ጨው ግዛ ቢሉት ለምን እንደወጣ መንገድ ላይ ይጠፋዋል፤ ክኒንህን ዋጥክ ቢሉት «እንጃ» ነው መልሱ። የምታስታውስለት እሷ ናት። በረመዳን ክኒኑን የምትሰጠው ሲያፈጥር ነበር፤ ከዒድ ወዲህ ወደ ጠዋት መለሰችው። ትናንት ጠዋት ሰጠችው። ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ግን እጇ እንደ ጾሙ ጊዜ ሄደና ደገመችለት። ዛሬ ቢጠሩት ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድናል።

«ለሐኪሙ ምን ልትዪ ነው?»

«እንቅልፍ በዛበት።»

«መድገምሽንስ?»

«እሷንም ጀመራት ይሉኛላ! ድስት ጥጄ እረሳለሁ፤ የሰው ስም ይጠፋኛል። እሱንም ሲጀምረው እንዲሁ ነበር። ወላሂ፣ ታላቃችን በሽር ይህን ከሰማ ከእጄ ይወስደዋል። እሱ ቤት ደግሞ በር ይቆለፍበታል።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ።»

ድንገት የሐቢብ ማንኮራፋት ቀጥ አለ። «ሐቢብ! ኧረ ሐቢብ!» ሾፌሩ በመስታወቱ አየና ነዳጁን ረገጠው። ከቆይታ በኋላ ሐቢብ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ኩብራ ከዚያ ወዲያ መዳፏን ከአፍንጫው ሥር አላነሳችም።

ደብረ ብርሃን ሲደርሱ እማማ የራሳቸውን ጉዳይ ትተው እስከ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ተከተሏት። «ምን ወሰደ?» አለ ሐኪሙ። ኩብራ እማማን አየቻቸው።

«ሁለቴ ሰጠሁት። ረስቼ።»

ከሰዓት በኋላ ሐቢብ ውሃ ጠየቀ። ያኔ ነው ስለ ድስቱም የሰው ስም ስለ መርሳቷም ለሐኪሙ የነገረችው። ሐኪሙ አልሳቀም።

«እንዲህ ያለ መርሳት በታማሚ እህትና ወንድም ላይም አንዳንዴ በመጠኑ ይታያል። ሕመሙ ያዘሽ ማለት ግን አይደለም። ለመሆኑ እንቅልፍ የጠገብሽው መቼ ነው?»

ኩብራ ሌሊቶቹን በጣቷ መቁጠር ጀምራ ተወችው።

«ብቻሽን አትያዢው እንግዲህ።»

ኮሪደሩ ላይ ስልኳን አንስታ ራሷ ደወለች። «በሽር፣ ክኒኑን ደግሜበት ነበር። ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ልትወስደው ሳይሆን ልታግዘኝ ና።» ረጅም ጊዜ አዳመጠች። «ይመጣል» አለች ለእማማ።

እማማ መርቀዋት ወጡ። በሩ ጋ ሳይደርሱ ኩብራ ከኋላቸው እየሮጠች ደረሰች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትስቃለች።

«ዘምቢልዎን ረሱ እኮ፣ እማማ! ይመለሱ፣ እርስዎንም ሐኪሙ ይይዎት!»