የእንደራሴው ለቅሶ

መቱ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክረምት ላይ ነው። ጭሰኞች አቤት እንዲሉ መክረሃል ተብዬ ከማስተምርበት ክፍል ተወሰድኩ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ጋቢ ሽታ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሰው አጠገቡ ካለው ጋር እንኳ የሚያወራው እየጮኸ ነው። መስኮት የሚባል ነገር የለም፤ ጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ አለች፣ እሷም ከብርሃን ይልቅ ውሃ ነበር የምታስገባው።

«ና መምህር፣ እዚህ ደረቅ ነው» ብለው አንድ ሱፍ ኮት የለበሱ ሰው ጠጋ አሉልኝ።

አወቅኳቸው። መቱ ውስጥ የማያውቃቸው ማን አለ? ሁለት ጊዜ ተመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ የነበሩ ሰው ናቸው። የምርጫ ምልክታቸው ጃንጥላ ነበር፤ እንዲህ በሚዘንብበት አገር ሌላ ምን ሊያሸንፍ ኖሯል እያልን እንቀልድባቸው ነበር። የሥራ ዘመናቸው አልቆ እንደገና ሊወዳደሩ ሲዘጋጁ፣ ዳሪሙ ሄደው ለጭሰኞች «የጭሰኞቹ ሕግ ገና ምክር ቤት ነው፤ እስኪወሰን ማንም ከቤታችሁ ሊያስወጣችሁ አይገባም» አሉ። ለዚህ ታሰሩ።

ከዚያው ከዳሪሙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጭሰኛም አብረውን ነበሩ። ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን። ባለመሬቱ ቡና ሊተክልበት ፈልጎ ሲያስነሳቸው አልነሳም አሉ፤ ጎጇቸው ፈረሰ፣ እሳቸው እዚህ መጡ። ባለቤታቸው ኡካ በምትባለው ከተማ፣ እህታቸው ዘንድ ተጠግተው ነበር። ኦቦ በሩ በተከፈተ ቁጥር «ከኡካ የመጣ ሰው የለም?» ይላሉ።

አንድ ቀን እህቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሳህኑን ስታቀብለኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የኦቦ ሚስት አርፈዋል። ከተቀበሩ ሳምንት አልፏል ይላሉ የኡካ ሰዎች። ደግሞ አንተ ከአፍህ እንዳያመልጥህ! ትልቅ ሰው ያርዳቸው።»

ለእንደራሴው ነገርኳቸው። «ነገ ጎህ ሲቀድ እኔ አረዳቸዋለሁ» አሉ። በማግስቱ እኮ የራሳቸው ጉዳይ ነበረባቸው። ከጎሬ፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሥልጣን ይመጣል ተብሏል። ፊቱ ቀርበው «ጭሰኞቹን ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ» ካሉ ዕለቱን ቤታቸው ይገባሉ፣ ለምርጫውም ይመዘገባሉ። እምቢ ካሉ ጎሬ ወህኒ ቤት ነው፤ መቼ እንደሚወጡ አይታወቅም። ሊሉት ቆርጠው ነበር፤ እኔም አልፈረድኩባቸውም። ትንንሽ ልጆች አሏቸው። ባለቤታቸው የተተኮሰ ሸሚዝ ልከውላቸው ነበር።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። እንደራሴው ሸሚዙን ለብሰው ተነሱ፤ እኛም ተነስተን ኦቦን ከበብናቸው። በወግ ያደገ ሰው በዚያ ሰዓት ሲከበብ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እንደራሴው በኦሮምኛ ጀመሩ። ምክር ቤት ቆመው ረጅም ንግግር ያደርጉ የነበሩት ሰው በጥቂት ቃል ጨረሱ።

«ብቻዋን?» አሉ ኦቦ። ሌላ አልጠየቁም።

ከዚያ ለቅሶው ከደረታቸው ፈንቅሎ ወጣ። ዘቡ በሩን በሰደፍ መታና «ጸጥታ!» ብሎ ጮኸ። ኦቦ የጋቢያቸውን ጫፍ ጎርሰው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐዘን አይቻለሁ፤ እንደዚያ አንጀቴን የበላው ግን የለም። እንደራሴው ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ከአጠገባቸው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

ረፋዱ ላይ ዘቡ ተመለሰ።

«ክቡር እንደራሴ፣ እንግዳው መጥተዋል። ቶሎ ይበሉ።»

«ለቅሶ ላይ ነኝ በላቸው።»

ዘቡ ግራ ገባው። «የሞቱት ዘመድዎ ናቸው እንዴ?»

«ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጠው መጥተው መርጠውኛል።»

ኦቦ ቀና አሉ። «ዴሚ» አሏቸው፤ ሂድ ማለታቸው ነው። «ልጆች አሉህ። እሷ እንደሆነች አትመለስም።»

እንደራሴው የኦቦን እጅ ያዙ እንጂ አልተነሱም። ከዚያ ለቅሶ ተነስቶ «አሳስቻቸዋለሁ» ማለት አልሆነላቸውም። ዘቡ ደጋግሞ መጣ፣ ደጋግሞ ብቻውን ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ሲሄድ ሰማን። በማግስቱ እንደራሴውን ወደ ጎሬ ወሰዷቸው። ዳግመኛ ምክር ቤት አልገቡም። ከወህኒ ሲወጡም ሳንባቸው ተጎድቶ ነበርና ብዙ አልቆዩም።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ እዚሁ መቱ ነው የምኖረው። አምና የእንደራሴው ትልቋ ልጅ ቤቴ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አባባ ለምን ሳይወጣ ቀረ? እማዬ ስትጠይቅ ኖራ ሳታውቀው ሞተች።»

እንዳየሁት ነገርኳት። ብትቆጣ አይፈረድባትም፤ ያለ አባት ያደገችው እሷ ናት። እንባዋን ጠረገች።

«ሴትየዋ ማን ይባሉ ነበር?» አለችኝ። «ስማቸውን ልወቀው።»

ኦቦ «ሃዻ መና ኮ» ነበር የሚሏት፤ የቤቴ እመቤት እንደማለት ነው። በስሟ ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ሙሉ ከበን ስናለቅስላት ማናችንም አልጠየቅንም።